ግንድ ይዞ የሚዞር ወሬ

«ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የማያውቅ ያገራችን ሰው የለም። በክረምት ወራት ወደ ጢስ ዓባይ ወርዶ ፏፏቴውን የተመለከተ ሰው ግን የምሳሌውን ጣዕም ከሌላው አብልጦ ይረዳዋል። ውሃው ከላይ የሰበሰበውን አፈርና እንጨት ተሸክሞ ይወርዳል፤ ግንዱ ከየትኛው ዳገት እንደ ተነቀለ፣ ለማን ጥላ ሆኖ እንደ ኖረ፣ ከገደሉም በታች በማን ማሳ ላይ እንደሚጋደም አይጠይቅም።

«ዓባይ» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ፍች አለው። አንደኛው የወንዙ ስም ነው፤ ሁለተኛው ሐሰተኛ፣ ዋሾ ማለት ነው። ምሳሌውን መጀመሪያ የተናገረው ሰው ሁለቱንም አስቦ እንደ ሆነ አናውቅም፤ ባለ ቅኔ በበዛበት በጎጃም ምድር ቢያስብ ግን አያስደንቅም። እኛም ዛሬ ምሳሌውን ለወሬ እንዋሰዋለን።

የዚህ ሐተታ ርእሰ ነገር የእግር ኳስ ወሬ ነው። ለመጽሔታችን የማይመጥን ተራ ነገር የሚመስላቸው አንባቢዎች ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በዛሬው ዘመን ብዙዎቹ ወጣቶቻችን ከትምህርት መጽሐፋቸው ቀጥሎ፣ እውነቱን ለመናገርም ከመጽሐፋቸው አስቀድመው፣ ዘወትር የሚያነቡትና የሚሰሙት አማርኛ የስፖርት ወሬ አማርኛ ነው። ብዙ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ደግሞ መልካምም ሆነ መጥፎ ሒስ ይገባዋል። ስለዚህ ይህ ወሬ ከየት እንደሚነሣ፣ ማን እንደሚያተርፍበት፣ ወደ እኛም ሲደርስ ምን ይዞ እንደሚመጣ መመርመር የግብረ ገብም የሥነ ጽሑፍም ጉዳይ ነው እንላለን። ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ አገራችን የምንጠቅሳቸውን ግን «ዓ.ም.» ይከተላቸዋል።

ቅዳሜና እሑድ ከቀትር በኋላ፣ አገር ሰላም በሆነ ጊዜ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከተማ የሚያልፍ መንገደኛ በየመንገዱ ዳር ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ ያያል። በሰሌዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈው የገበያ ዋጋ አይደለም፤ የአርሴናልና የቼልሲ፣ የማንችስተርና የሊቨርፑል ጨዋታ የሚጀመርበት ሰዓት ነው። ወደ ውስጥ ቢዘልቅ ተማሪው፣ የባጃጅ ነጂው፣ በርበሬውን ሽጦ የተመለሰው ገበሬ፣ አንዳንድ ጊዜም የመሥሪያ ቤት ሹም በአንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያገኛቸዋል። እኛም ከእነርሱ መካከል ነንና የምንጽፈው ከሩቅ ቆመን ለመንቀፍ አይደለም። ጨዋታው ውብ ነው፤ በሳምንቱ ሥራ የደከመ ሰው ቢደሰትበት ይገባዋል።

ሆኖም ዳኛው ፊሽካውን ከመንፋቱ በፊትና ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚነገረውን ያዳመጠ ሰው ከኳሱ ጋር ሌላ ነገርም አብሮ እንደ መጣ ይረዳል። እገሌ ከአሠልጣኙ ጋር ተጣልቷል ይባላል፤ እገሌ ትዳሩን አፍርሷል ይባላል፤ እገሌ ሲጠጣ አድሮ ነው ዛሬ የደከመው ይባላል። «ማን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ራዲዮ ነው ያለው» ይላሉ። «ራዲዮውስ ከየት አገኘው?» ሲባል «የእንግሊዝ ጋዜጦች ጽፈውታል» የሚል መልስ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ የሚጠይቅ የለም። እኛ ግን አንድ እርምጃ ጨምረን እነዚህ የእንግሊዝ ጋዜጦች እነማን ናቸው? ብለን እንጠይቅ።

እንግሊዞች «ታብሎይድ» የሚሏቸው ጋዜጦች ገጻቸው ከሌሎቹ ያነሰ፣ አርእስታቸው ግን የገዘፈ ነው። ከእነዚህ ዋና ዋናዎቹን በእጁ ያስገባው በትውልዱ አውስትራሊያዊ የሆነው ሩፐርት መርዶክ ነው። ይህ ሰው በ1969 «ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ» የተባለውን የእሑድ ጋዜጣ፣ በዚያው ዓመትም «ዘ ሰን» የተባለውን ዕለታዊ ጋዜጣ ገዛ። በ1981 ጥንታዊውንና የተከበረውን «ታይምስ»ን ጨመረ። በ1989 ደግሞ «ስካይ» የተባለውን በሳተላይት የሚሠራጭ ቴሌቪዥን በእንግሊዝ አገር አቆመ፤ ይኸው ቴሌቪዥን በ1990 ከተወዳዳሪው ጋር ተዋሕዶ አንድ ድርጅት ሆነ።

ቴሌቪዥኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ገንዘብ ይከስር ነበርና ሕዝቡ ከፍሎ እንዲያየው የሚያደርግ አንድ ነገር አስፈለገው። ያም ነገር ኳስ ሆነ። በ1992 ታላላቆቹ የእንግሊዝ ክለቦች ከቀድሞው ማኅበር ተለይተው ፕሪሚየር ሊግን ሲያቋቁሙ የ5 ዓመቱ የማስተላለፊያ ውል ለስካይና ለቢቢሲ በ304 ሚሊዮን ፓውንድ ተሰጠ፤ ጨዋታውን በቀጥታ የማሳየቱ መብት ለስካይ ሆነ። ያ ገንዘብ በጊዜው ጉድ ያሰኘ ነበር። ከ2025 ጀምሮ ላሉት 4 ዓመታት በእንግሊዝ አገር ውስጥ ብቻ ለማስተላለፍ የተከፈለው 6.7 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። መርዶክ ራሱ በ1996 ለባለ አክሲዮኖቹ ሲናገር ስፖርትን ወደየአገሩ መግቢያ የቅጥር መደርመሻ እንደሚያደርገው ገልጿል። ቅጥር መደርመሻ ማለት በጥንት ዘመን ጦርነት የከተማ በር የሚመታበት ትልቅ ግንድ ነው። እነሆ ግንዱን አገኘነው።

አንድ ባለቤት ጋዜጣውንም ቴሌቪዥኑንም በያዘ ጊዜ ተጫዋቹ ለሁለት ገበያ ይቀርባል። ቅዳሜ በሜዳ ላይ የሚያሳየው ጨዋታ በቴሌቪዥን ይሸጣል፤ ከእሑድ እስከ ዓርብ ደግሞ ኑሮው፣ ትዳሩ፣ ብስጭቱ በጋዜጣ ይሸጣል። ቴሌቪዥኑ ዝናውን ከፍ ባደረገው መጠን ውርደቱ ለጋዜጣው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። «በሬ ካራጁ ይውላል» የሚባለው ለዚህ ነው። በ1998 ስካይ ማንችስተር ዩናይትድን በ623 ሚሊዮን ፓውንድ ለመግዛት ተነሥቶ ነበር። ቢሳካለት ኖሮ ኳሱን የሚያሳየው፣ ስለ ኳሱ የሚጽፈውና የኳሱ ጌታ አንድ ቤት ይሆን ነበር። ደጋፊዎቹ ተቃወሙ፤ ጉዳዩም በመርማሪዎች ከታየ በኋላ በ1999 መንግሥት ከለከለው። ስካይ በ2018 ኮምካስት ለተባለ የአሜሪካ ድርጅት ተላልፏል፤ ጋዜጦቹ ግን በመርዶክ ቤት ቀርተዋል።

ይህ ጠባይ የአንድ ሰው ብቻ ነው ለማለት አይደለም። ከ1984 ጀምሮ የ«ዴይሊ ሚረር» ጋዜጣ ባለቤት የነበረው ሮበርት ማክስዌል የኦክስፎርድ ዩናይትድ፣ በኋላም የደርቢ ካውንቲ ክለብ ጌታ ነበር፤ በኖቬምበር 1991 በሞተ ጊዜም ከሠራተኞቹ የጡረታ ገንዘብ ብዙ መዝብሮ እንደ ነበር ታወቀ።

የጋዜጦቹን የአጻጻፍ ጠባይ ለመረዳት አንድ ገጽ ብቻ መርጠን እናንብብ። በኤፕሪል 15 ቀን 1989 በሼፊልድ ከተማ ሂልስቦሮ በተባለው ሜዳ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ፖሊሶች ሕዝቡን በሥርዓት መምራት አቅቷቸው በአጥር በታጠረው መቆሚያ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። በዕለቱና በኋላም በደረሰባቸው ጉዳት የሞቱት 97 ናቸው። ከ4 ቀን በኋላ «ዘ ሰን» በፊት ገጹ «እውነቱ» የሚል አንድ ቃል በትላልቅ ፊደላት አተመ። ከሥሩም አንዳንድ ደጋፊዎች የሞቱትን ሰዎች ኪስ እንደ በረበሩ፣ አንዳንዶቹም በፖሊሶች ላይ ጸያፍ ነገር እንደ ፈጸሙ፣ አንዳንዶቹም ነፍስ ለማዳን የሚጥረውን ፖሊስ እንደ ደበደቡ ጻፈ።

እንደ ሐያሲ ሆነን ይህን ገጽ ብንመረምረው ሦስት ብልሃት እናገኝበታለን። የመጀመሪያው «እውነቱ» የሚለው አርእስት ነው። እውነት በምርመራ ፍጻሜ የሚገኝ ፍርድ ሲሆን እዚህ ግን ከምርመራው በፊት ተቀመጠ፤ አንባቢው ገና ማስረጃውን ሳያይ ፍርዱን ተቀበለ። ሁለተኛው «አንዳንድ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል ለጸሐፊው ጋሻ፣ ለተጻፈበት ሰው ግን ወጥመድ ነው፤ «አንዳንድ» ማንንም ስለማይጠራ ከሳሽ አይነሣበትም፤ ማንንም ስለማይለይ ደግሞ የከተማው ሰው ሁሉ ይታማበታል። ሦስተኛው የምንጩ መሰወር ነው። ወሬው ከፖሊሶችና ከአንድ የምክር ቤት አባል አፍ ወጥቶ በአንድ የዜና ወኪል በኩል የመጣ ነበር። ከእነዚህም ፖሊሶቹ በጥፋቱ ሊጠየቁ የሚገባቸው ወገኖች ነበሩ። ተከሳሹ ምስክር ሆኖ ቀረበ ማለት ነው።

በ2012 ሰነዶቹን የመረመረው ገለልተኛ ጉባኤ 164 የፖሊሶች የምስክርነት ቃል ተለውጦ እንደ ነበር ገለጸ፤ በደጋፊዎቹ ላይ የተወራውም መሠረት የሌለው መሆኑን አስታወቀ። በ2016 የሞቱን ምክንያት የመረመረው ችሎት ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደ ተገደሉና ደጋፊዎቹ ጥፋት እንዳልነበረባቸው ወሰነ። ጋዜጣውም ይቅርታ ጠየቀ፤ ከ23 ዓመት በኋላ። የሊቨርፑል ሕዝብ ግን ፍርድ ቤት እስኪፈርድለት አልጠበቀም፤ ከዚያች ሳምንት ጀምሮ ጋዜጣውን መግዛት ተወ። ብዙ ባለ ሱቆች አንሸጥም አሉ፤ ክለቡም በ2017 የጋዜጣውን ጋዜጠኞች ከሜዳውና ከመለማመጃው ከለከለ። ንጉሥ ለሚያክል ባለጋዜጣ የአንባቢ ኩርፊያ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ ይታያል።

የ«ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ» ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። ጋዜጠኞቹና የቀጠሯቸው ሰላዮች በሰዎች ስልክ ላይ የተተወውን የድምፅ መልእክት በስርቆት ያዳምጡ ነበር። ከተሰለሉት አንዱ የእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር ዋና ሹም የነበረው ጎርደን ቴይለር ነበር፤ በ2008 ብዙ ገንዘብ ተከፍሎት ነገሩ በምስጢር ተያዘ። የባለ ስሞቹ ስልክ ሲሰረቅ ሕዝቡ ብዙም አልተቆጣም። በጁላይ 2011 ግን በ2002 ተገድላ የነበረች የ13 ዓመት ልጃገረድ ስልክ፣ ወላጆቿ ሲፈልጓት በነበረበት ሰዓት ተሰርቆ እንደ ነበር ሲታወቅ አገሩ በሙሉ ተነሣ። በ1843 የተመሠረተው ጋዜጣ በዚያው ወር ተዘጋ፤ በዳኛ ሌቭሰን የሚመራ መርማሪ ጉባኤም ተቋቋመ።

ስርቆትና ሐሰት በሌለበት ጊዜ እንኳን ቃሉ ብቻውን ይበድላል። በዲሴምበር 2018 ራሂም ስተርሊንግ የተባለው ተጫዋች ሁለት አርእስቶችን ጎን ለጎን አድርጎ ለሕዝብ አሳየ። ሁለቱም በአንድ ጋዜጣ የወጡ ናቸው፤ ጋዜጣውም የመርዶክ አይደለም። ሁለት የማንችስተር ሲቲ ወጣቶች እያንዳንዳቸው ቤት ገዝተዋል። ስለ ነጩ ወጣት ለእናቱ ቤት ገዛ ተብሎ ተጻፈ። ስለ ጥቁሩ ወጣት ግን የሳምንት ደመወዙ ተቆጥሮ፣ በሊጉ አንድም ጨዋታ ሳይጀምር ገንዘቡን በቤት ላይ እንዳፈሰሰ ተጻፈ። እንደ ስተርሊንግ አባባል እርሱም የገዛው ለእናቱ ነበር። ሥራው አንድ፣ ቃሉ ሁለት። አባቶቻችን «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ያሉት በዚህ ይታወቃል።

ሚዛናችን እንዳያጋድል ግን በጎውንም መናገር ይገባናል። በ2010 የፓኪስታን የክሪኬት ተጫዋቾች ጉቦ ተቀብለው ጨዋታ ማበላሸታቸውን ያጋለጠው ያው የተዘጋው «ኒውስ ኦቭ ዘ ወርልድ» ነው፤ ተጫዋቾቹም በ2011 በለንደን ተፈርዶባቸዋል። ነገሩን ያወጣው ጋዜጠኛ ደግሞ በ2016 በሌላ ጉዳይ ማስረጃ በማዛባት ወህኒ ወርዷል። አንድ እጅ እውነትንም ሐሰትንም ሊጽፍ ይችላልና አንባቢ እጁን ሳይሆን ማስረጃውን ይመልከት።

እንግዲህ ወደ አገራችን እንመለስ። ፕሪሚየር ሊግ የመጀመሪያ ጨዋታዎቹን ያደረገው በነሐሴ 1984 ዓ.ም. ነው። በእኛም አገር የግል ጋዜጦችን በር የከፈተው የፕሬስ አዋጅ የወጣው በጥቅምት 1985 ዓ.ም. ነው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ የሁለት ወር ያህል ነው። ስለዚህ የስፖርት ጋዜጦቻችንና ከእነርሱ በኋላ የመጡት የራዲዮ ዝግጅቶች አፍ የፈቱት የእንግሊዝ ኳስ በሳተላይት ዓለምን መዞር በጀመረበት ዘመን ነው። ወሬው ተዘጋጅቶ፣ ተቀምሞ፣ በየቀኑ ያለ ዋጋ ይመጣል፤ መተርጎም ብቻ ነው የሚያሻው። ሪፖርተር ወደ ሜዳ ለመላክ ግን አበል ያስፈልጋል። ተርጓሚው ወደ ቀላሉ ማዘንበሉ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ምን እንደሚተረጉም ማወቅ ይኖርበታል።

ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ዚምባብዌን አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ በወሰደች ጊዜ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ በራዲዮ የሰሙ አባቶቻችን እስከ ዛሬ ያነሡታል። ያ ድምፅ የሚወደደው ስለ ሞቀ ብቻ አይደለም፤ ተናጋሪው በዓይኑ የሚያየውን ይናገር ስለ ነበር ነው። ሜዳው ፊቱ ነበር፤ ሕዝቡም ምስክሩ ነበር።

ይህ የኳስ ንግድም ዛሬ ከእንግሊዝ አገር ሳይወጣ አልቀረም። በ2013 ዓ.ም. የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ በደቡብ አፍሪካው ሱፐርስፖርት በኩል በ5 ዓመት ውል መተላለፍ ጀመረ፤ የውድድሩም ስም ቤትኪንግ በተባለ የውርርድ ድርጅት ስም ተጠራ። ጨዋታዎቹ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ብቻ ተደረጉ፤ ፋሲል ከነማም ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን አነሣ። ከዚህ የተገኘው ጥቅም የሚናቅ አይደለም፤ ክለቦቻችን ገንዘብ አገኙ፣ ተጫዋቾቻችንም ታዩ። የሱፐርስፖርት ጌታ የነበረውን መልቲቾይስን በ2025 የፈረንሳዩ ካናል ፕሉስ ጠቅልሎ ያዘው። እንግዲህ ኳሳችን በትልልቆቹ ቤቶች ገበታ ላይ ቀርቧል። የውርርድ ቤትም ከኳስ ማሳያው አጠገብ ቆሟል። ወሬ ከውርርድ ጋር ሲጋባ ሐሰቱ ክብር ብቻ ሳይሆን ኪስም ያራቁታል፤ «እገሌ ታሟል፣ አይሰለፍም» የሚል አንድ መሠረት የሌለው ቃል የተማሪውን የወር የቤት ኪራይ ይዞ ይሄዳል።

ዋናው ፍሬ ነገራችን ግን ይህ ነው። በእንግሊዝ አገር ሐሰቱ ቢጻፍም የሚከታተለው አለ። የሟቾቹ ወላጆች 27 ዓመት ተሟገቱ፤ ጉባኤው ሰነድ አገላበጠ፤ ችሎቱ ፈረደ፤ ከተማው አኮረፈ። ወሬው ወደ አማርኛ ሲተረጎም ግን ሐሰቱ ብቻውን ይመጣል፤ አሳዳጆቹ አይተረጎሙም። የክሱ ወሬ በትልቅ አርእስት ይነበባል፤ ከዓመት በኋላ የሚወጣው ማስተባበያ ሰሚ የለውም። ከዚህም የሚብሰው ወሬው ብቻ ሳይሆን የአወራሩም ጥበብ መተርጎሙ ነው። ይህን ከራሳችን በደል እንመስክር።

በ2001 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም ከተሞች በአንደኛው የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ሆነን የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አባሎች ነበርን። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ውለው አድረው የሚደርሱትን የስፖርት ጋዜጦች እየገለበጥን በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ እናነብ ነበር። «ለክለቡ ቅርበት ያላቸው ምንጮች እንደ ጠቆሙት» የሚለውን ሐረግ እንደ ጸሎት በቃላችን ይዘነው ነበር። በታኅሣሥ ወር በክፍሎች መካከል የተደረገው ውድድር ፍጻሜ ላይ አንድ ግብ ጠባቂ ሁለት ቀላል ግቦች ገቡበት። ልጁ በዓመቱ መጀመሪያ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተዛውሮ ስለ ነበር «ግብ ጠባቂው ተሸጠ» የሚል አርእስት አዘጋጀን። ሰሙ ዝውውር ነው፤ ወርቁ ጉቦ። ለመጫወቻ አዲስ ጫማ አድርጎ ነበርና «ለቡድኑ ቅርበት ያላቸው ምንጮች እንደ ጠቆሙት» የጫማው ዋጋ ከተጋጣሚው ክፍል የመጣ ነው ብለን አነበብን። ምንጮቹ የተባሉት በመሸነፋቸው የተናደዱ አንድ ተማሪ ነበሩ። አንዱን ልጅ «ምንጮች» አሰኝተን ያበዛነው እኛ ነን።

ልጁ ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ እየመጣ በኪራይ ቤት የሚማር ነበር። ጫማውን የገዛለት ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ከመተማ ከሰሊጥ አጨዳ ሲመለስ። ቅዳሜ ገበያ የወጡት አባቱ «ልጅህ ተሸጠ አሉ» የሚል ቃል ሰምተው ተመለሱ። ልጁ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤት ቀረ። ሚኒ ሚዲያውን የሚቆጣጠሩት መምህራችን ጠርተው «ማን አለ?» ብለው ጠየቁን፤ ከዚህ በቀር ሌላ አልተናገሩም። መልስ አልነበረንም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ዓርብ ቀን፣ ተማሪው ወደ ቤቱ በሚበተንበት ሰዓት ዝቅ ባለ ድምፅ ማስተባበያ አነበብን። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ በትምህርት ቤቱ ሜዳ በግብ ሥር ሲቆም አላየነውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ በቡሬ መናኸሪያ ተገናኘን። እጃችንን ጨብጦ፣ ስለ ቤተሰባችን ጠይቆ፣ ሻይ ጋበዘን፤ ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አላነሣም። አብሮን የተቀመጠው ያገሩ ሰው ግን ትምህርት ቤቱን ስንጠቅስ ሳቅ ብሎ «እሱማ ያኔ የተሸጠው በረኛ አይደል?» አለ። ውሃው ካለፈ ብዙ ክረምት ሆኖታል፤ ግንዱ ግን ከሰውየው ማሳ አልተነሣም።

ያን ጊዜ ስለ ሂልስቦሮ የሰማነው አልነበረም፤ ሆኖም ሦስቱንም ብልሃት ሳንማራቸው አውቀናቸው ነበር። ፍርዱን በአርእስት አስቀደምን፤ ምንጩን ሰወርን፤ በቃል ጋሻ ተከለልን። ከማን ተማርነው? በየሳምንቱ ከምንገለብጠው ጽሑፍ ነው።

ይህ ጥበብ ለእኛ አገር ባዕድ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። በጥንቱ የችሎት ሥርዓታችን «በላ ልበልሃ» ብሎ የተነሣ ተሟጋች ዋስ ይጠራ፣ ምስክሩንም በስሙ ይቆጥር ነበር፤ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ያልተናገረው ቃል እንደ ሐሜት እንጂ እንደ ነገር አይቆጠርም ነበር። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ጉባኤዎች ደግሞ ቅኔው ከነባለቤቱ ስም ይነገራል፤ የሌላውን የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ያፍራል። ሰምና ወርቅም የተሠራው ምሥጢርን ለማጠንከር ነው፤ «ግብ ጠባቂው ተሸጠ» ብሎ የድሀ ልጅ ስም ለመግደል አይደለም። ማን እንዳለ መናገር፣ ማን አለ ብሎ መጠየቅም ከፈረንጅ የምንዋሰው ሕግ ሳይሆን ከቤታችን ያለ ወግ ነው።

ስለዚህ ለስፖርት ጋዜጠኞቻችን የምናቀርበው አስተያየት ከባድ አይደለም። የተተረጎመ ወሬ ሲነበብ የጋዜጣው ስምና ቀኑ ይነገር፤ «የእንግሊዝ ጋዜጦች» ማለት ምንጭ መጥቀስ አይደለም። በሜዳ ላይ የታየው ከመኝታ ቤት ከተወራው ይለይ። ሐሰት መሆኑ የታወቀ ወሬ በተነበበበት ሰዓትና በተነበበበት የድምፅ ልክ ይስተባበል። ከሳምንቱ ሰዓት ጥቂቱ ደግሞ ተርጓሚው ወንበሩን ትቶ በእግሩ ለሚደርስበት ለአገር ቤት ሜዳ ይሰጥ።

መምህራንም ሚኒ ሚዲያን እንደ መጫወቻ ባይቆጥሩት እንወዳለን። ድምፅ ማጉያ የያዘ የ16 ዓመት ልጅ በእጁ የያዘው የሰው ስም ነው። አንድ አርእስት ተቀብሎ በክፍል ውስጥ ቃል በቃል መመርመር፣ «አንዳንድ» የሚለው ማንን ነው፣ «ምንጮች» የተባሉት ስንት ናቸው ብሎ መጠየቅ የአማርኛ ትምህርት አንዱ ክፍል ሊሆን ይችላል።

ለአንባቢዎችም የሊቨርፑልን ሰዎች እናስታውሳቸዋለን። እነዚያ ሰዎች የመርዶክ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ለአንድ ጋዜጣ የሚከፍሉት ሳንቲም ነበር፤ እርሱኑ ከለከሉት። እኛም በየአግዳሚው ተቀምጠን ወሬ ሲነገረን ከመቀበላችን በፊት መምህራችን የጠየቁንን ያችን አጭር ጥያቄ እንጠይቅ። ተናጋሪው ስም ጠርቶ ቢመልስልን እሰየው፤ መልስ ካጣ ወሬው በእኛ ዘንድ ይቅር፤ ወደ ሌላው ሰው ማሳ አናሳልፈው።